«የሴት ልጅ»፦ ስድብን መልሶ የመውሰድ መብት የማን ነው?

በአማርኛችን ሰውን ለማዋረድ ከሚሰነዘሩት ቃላት ሁሉ «የሴት ልጅ» የሚለውን ያህል ራሱን በራሱ የሚቃረን አይገኝም። ከሴት ያልተወለደ ሰው የለምና ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ ማንንም ከማንም አይለይም። ስድብ የሚሆነው ሳይነገር በሚታለፈው ክፍሉ ነው፤ ይኸውም አባት ያልቀጣው፣ እናት ብቻ ያሳደገችው፣ ስለዚህም ሥርዐት የማያውቅ ማለት ነው። ወንዱ ይሰደባል፤ ስድቡ የሚያርፈው ግን በቦታው በሌለች፣ መልስ ለመስጠትም በማትችል ሴት ላይ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ዐይነቱን አነጋገር፣ በተለይም የተሰደበው ወገን ስድቡን አንሥቶ የራሱ ስም ሊያደርገው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚያሳስበን ያለ ምክንያት አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ በፌንተንና በጆርጂያ ጎዳናዎች ዳር፣ በአሌክሳንድሪያም ምዕራባዊ ሰፈሮች አማርኛ የገበያ፣ የጸሎትና የማዕድ ቋንቋ ሆኗል። በዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቋንቋው ውቅያኖስ ሲሻገር ታዲያ የተሻገረው ምርቃቱ ብቻ አይደለም፤ ስድቡም አብሮ መጥቷል። እዚህ ያደጉት ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሌላ ልማድ ይዘው ወደ ቡናው ዙሪያ ይቀርባሉ፤ በዚያ ቋንቋ ለሴት የሚሰነዘረውን ስድብ እርስ በርሳቸው የመዋደድ መጠሪያ አድርገው ይለዋወጡታል። ያንኑ ልማድ ወደ አማርኛ አሻግራ ጓደኛዋን «አንቺ ሸርሙጣ» ብላ በሳቅ የምትጠራ ወጣት፣ እናቷ ስኒውን አስቀምጣ ስትቆጣት «እኔ እኮ ሴት ነኝ፤ ቃሉ የእኔ ነው» ብላ ትመልሳለች። በበኩላችን ሁለቱም የያዙት ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ የልጅቱ መልስ ከመጽደቁ በፊት ቃላቱ ራሳቸው መመርመር አለባቸው።

«ጋለሞታ» በቀድሞው አነጋገር ባሏን የፈታች ወይም ባል የሌላት ሴት ማለት ነበረ፤ ቀስ በቀስ ግን ገላዋን ለምትሸጥ ሴት መጠሪያ ሆነ። «ሴተኛ አዳሪ»ም ቢሆን ከ«ሠርቶ አዳሪ» ጋር የአንድ ቤት ቃል ነው፤ አዳሪ ማለት ኑሮውን የሚገፋ ማለት ነውና። «ወንደ ላጤ» ሲባል ምግብ ማብሰል የማያውቅ፣ የሚታዘንለት ጎልማሳ ይታየናል፤ «ሴተ ላጤ» ሲባል ግን የሰፈሩ ዐይን በበሯ ላይ ይተከላል። «ቆሞ ቀር» የሚለውም ለወንድ ሲነገር ቀልድ፣ ለሴት ሲነገር ፍርድ ነው። እነዚህን ሁሉ ከ«የሴት ልጅ» ጎን ስናሰልፋቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ቃላቱ በውስጣቸው የሚከሱት የተፈጸመ ኀጢአትን አይደለም፤ የአባወራ አለመኖርን ነው። ባል የሌላት ሴት፣ ባል የሌለው ቤት፣ ከዚያም ቤት የወጣ ልጅ በአንድ ክስ ይከሰሳሉ።

ይህ አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በሕግም የተጻፈ ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስትንም እንድትታዘዘው ግዴታ ጥሎባት ነበረ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ከደከሙ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አለቅነት አስቀርቶ ባልና ሚስትን በቤታቸው እኩል አደረገ። አባወራው እንግዲህ ከሕጉ ወጥቷል፤ ከስድባችን ግን አልወጣም። ሕግ አውጪ በአንድ ቀን የሚሽረውን ቋንቋ በአንድ ትውልድም ላይሽረው ይችላል።

በተረትና ምሳሌያችንም ያለው ከዚህ የተለየ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፣ «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ» እየተባለ ሲነገር ብዙዎቻችን «ያው ተረት ነው» ብለን እናልፈዋለን። እርግጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ምሳሌ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የኔዘርላንድዋ ምሁር ሚኔክ ሺፐር ከዓለም ዙሪያ ስለ ሴት የተነገሩ ምሳሌዎችን በሺህ ቁጥር ሰብስባ መጽሐፍ አድርጋለች። በሁሉም ዘንድ መኖሩ ግን የእኛን ንጹሕ አያደርገውም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምስጋናችን ነው። ጀግና ሴት ስናይ «ወንድ ናት» እንላለን፤ ፈሪውን ወንድ ለማዋረድ ደግሞ «አንቺ» ብለን እንጠራዋለን። ለማመስገን ወንድ፣ ለማዋረድ ሴት የሚያደርግ ሰዋስው በተዘረጋበት ቋንቋ ስድቡን ብቻ ለይቶ መንቀል የሚቻል አይመስለንም።

የልጅቱ «ቃሉ የእኔ ነው» ማለት ምን ያህል ያስኬዳል? የሚያስተምር ክርክር ከደጃችን አለን። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት መቀመጫው አሌክሳንድሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የነበረው የንግድ ምልክት ሕግ ሰዎችን የሚያዋርድ ስም እንዳይመዘገብ ይከለክል ነበረ። በሳን ፍራንሲስኮ ሴቶችን የሚያፈቅሩና በሞተር ብስክሌት የሚሰለፉ ሴቶች ለራሳቸው የሚሰነዘረውን ስድብ አንሥተው «ዳይክስ ኦን ባይክስ» ተባሉ፤ ስሙንም ለማስመዝገብ አመለከቱ። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ ስሙ ያዋርዳችኋል ብሎ ከለከላቸው፤ በኋላ ማስረጃቸውን አይቶ ፈቀደ። ቀጥሎም አንድ ወንድ ስሙ ለወንዶች ስድብ ነው ሲል ተቃወመ። የፌዴራሉ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሰውየው በነገሩ የሚያገባው ጥቅም የለውም የሚለውን ውሳኔ አጸና። እስከዚህ ድረስ ልጅቱ ትክክል ትመስላለች፤ ቃሉ የተወረወረበት ወገን ባለቤት ሆኗልና።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። «ዘ ስላንትስ» የተባለው የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን የሙዚቃ ጓድ በዐይናቸው ቅርጽ የሚሰደቡበትን ቃል ስሙ አድርጎ ሲያመለክት ተከለከለ፤ ጓዱም ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ክልከላው የመናገርን ነጻነት ይጥሳል ብሎ ሕጉን ሻረ። ያ ፍርድ የጠቀመው ግን ተሰዳቢዎቹን ብቻ አልነበረም። የዋሽንግተን የእግር ኳስ ቡድን የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የሚያዋርድ ስም ይዞ ሲኖር፣ አማንዳ ብላክሆርስና ሌሎች የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ባቀረቡት አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2014 የስሙ ምዝገባ ተሰርዞ ነበረ፤ በዓመቱም በአሌክሳንድሪያ የተቀመጠው የፌዴራል ፍርድ ቤት ስረዛውን አጽንቶት ነበረ። የሙዚቀኞቹ ፍርድ ሲወጣ ያ ሁሉ ፈረሰ። ተሰዳቢው ስድቡን ለማንሣት የከፈተው በር ሰዳቢውም የሚገባበት በር ሆነ። ቡድኑ ስሙን የተወው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ እርሱም በሕግ ተገድዶ ሳይሆን የሕዝብ ቁጣና የደጋፊ ኩባንያዎች ግፊት ስለ በረታበት ነው።

ከዚህ የምንማረው ባለቤትነት በሕግ እንደማይወሰን ነው። ሕግ ቃሉን እንጂ ተናጋሪውን ለይቶ አያይም። ማን በምን አፍ እንደ ተናገረው የሚለየው ሰሚ ነው። ስለዚህ «ቃሉ የእኔ ነው» የሚለው መልስ በሰሚ ዘንድ ካልጸና ብቻውን ምንም አያመጣም። በቡናው ዙሪያ የተቀመጠው አጎት የልጅቱን ሳቅ ሰምቶ በማግስቱ ያንኑ ቃል ስለ ጎረቤቱ ቢናገር፣ ከልጅቱ ፈቃድ የተቀበለ ይመስለዋል።

ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ በቶሮንቶ አንድ ፖሊስ፣ ሴቶች እንዳይደፈሩ እንደ ሸርሙጣ መልበስ ይተዉ ብሎ በመናገሩ ስድቡን በስማቸው የተሸከሙ ሴቶች «ስላትዎክ» በተባለ ሰልፍ ወጡ፤ ሰልፉም ወደ ብዙ አገሮች፣ ወደዚህች ወደ ዋሽንግተንም ደረሰ። በዚያው ዓመት ግን ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ገላቸው እንደ ርካሽ ለታየባቸው ለእነርሱ ይህን ቃል በፈቃድ መልበስ እንደማይቻላቸው አስታወቁ። ሴት መሆን ብቻውን ለሁሉም እኩል መብት አይሰጥም ማለታቸው ነበረ።

ይህን ወደ አማርኛችን እንመልሰው። ላቀች ድራሴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ የአዲስ አበባን ሴተኛ አዳሪዎች ጉዳይ ከኅብረተሰብና ከኢኮኖሚ ግንኙነት አንጻር መርምራለች፤ የጠባይ ጉዳይ አድርጎ ከማየት የሚለይ መንገድ ነው። «ሸርሙጣ» የሚለው ቃል በእነዚያ ሴቶች ላይ ሲወድቅ ፌዝ አይደለም፤ ሲደበደቡ የሚሰሙት፣ ሲከስሱም የሚዘጋባቸው ቃል ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ በዲግሪና በደመወዝ የተጠበቀች ወጣት ቃሉን እንደ ጌጥ ብታጠልቀው፣ ሲያሰኛት ታወልቀዋለች፤ ያቺኛዋ ግን አታወልቀውም። ስለዚህ ለልጅቱ የምንሰጣት መልስ «ነውር ነው» የሚለው አይደለም። ቃሉን መልሶ የመውሰድ መብት ካለ፣ መጀመሪያ ያላቸው በእርሱ የሚደማመጡት ሳይሆኑ በእርሱ የሚደሙት ናቸው እንላታለን።

በአገራችን ታሪክ ስድብን ለመቋቋም የተሞከሩ መንገዶች ብዙ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብን ከለከሉ፤ ቃላቱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ኖሩ። የኦሮሞ ሕዝብ ሌሎች ይጠሩበት የነበረውን የማዋረጃ ስም ጥሎ በራሱ ስም መጠራትን ግድ አደረገ፤ ቤተ እስራኤልም «ፈላሻ» መባልን እንዲሁ አልተቀበሉም። ሙያን በሚመለከት ግን ማንሣትም ታይቷል። «አዝማሪ» ከግእዙ የመዘመር ግስ የወጣ ክቡር ቃል ሆኖ ሳለ ስድብ ተደርጎ ኖረ። የክራር ባለሙያዋና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እስካረፉ ድረስ፣ ሴት ሆኖ መድረክ ላይ መውጣት ራሱ ስም በሚያስጠፋበት ዘመን የጀመሩትን ሙያ ይዘው ኖሩ፤ ዛሬ «አዝማሪ ቤት» ሲባል የሚያፍር የለም። ቃሉን ያነሡት በሙያው የተሰደቡት ናቸው፤ ያነሡትም በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው። ሦስተኛውን መንገድ የያዙት ደግሞ እነ ስሂን ተፈራ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ለመሠረቱት ንቅናቄ «ሴታዊት» የሚል ስም ሲያወጡ፣ የቆሸሸ ቃል ማጠብ ትተው «ሴት» የሚለውን ቃል ራሱን ወደ ክብሩ መለሱት።

አንዳንድ አንባብያን ይህ የሴቶች ጉዳይ ስለሆነ ወንዶች ዝም ቢሉ ይሻላል ይሉ ይሆናል። ሌሎችን በሚመለከት እንስማማለን፤ «ጋለሞታ»ን አነሣለሁ ወይም እጥላለሁ ማለት ለወንድ አይገባውም፤ የእርሱ ድርሻ ከአፉ ማውጣትን መተው ነው። አንድ ስድብ ግን አለ፤ በወንድ ፊት ተነግሮ በእናቱ ላይ የሚያርፍ፣ ስለዚህም ወንዱ ሊያነሣው የሚችል፣ እንዲያውም የሚገባው።

ከእኛ ትውልድ ብዙዎቻችን ያደግነው በእናት እጅ ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት፣ የታሰሩትና የተሰደዱት አባቶች ስንት ቤት ያለ አባወራ እንዳስቀሩ በዚህ ማኅበር ውስጥ የሚያጣው የለም። እነዚያ እናቶች ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ሽጠው፣ በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዘው ተሰልፈው አሳደጉን፤ ልጆቻቸው በሰፈር ሲጣሉ «የሴት ልጅ» ተባሉ። እኛም አድገን፣ ተምረን፣ በስደት ጉባኤ ተቀምጠን ስንከራከር፣ ባላንጣችንን ለመጣል ይህንኑ ቃል የወረወርንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የሰደብነው ባላንጣችንን አልነበረም፤ የሁላችንንም እናቶች ነበረ።

ስለዚህ ከየትኛውም ዐዋጅ በፊት ይህን አንዱን ቃል ማንሣት ይቻለናል። አንሺዎቹ የተሰደቡበት ናቸው፤ በቃሉ የሚደማ ሌላ ሦስተኛ ወገን የለም፤ ሰሚውም ትርጉሙን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። የሚቀጥለው ተናጋሪ «የሴት ልጅ!» ሲለን ቁጣም ክስም ሳንጨምር «አዎን፣ የሴት ልጅ ነኝ» ብለን የእናታችንን ስም እንጥራ። ስድቡ የተሠራው ያ ስም እንዳይጠራ ነውና።