ዜማ የሚያያይዘው እግር

ፒያኖ በባሕርዩ ዜማን የሚቆራርጥ መሣሪያ ነው። መዶሻው ክሩን መትቶ ይመለሳል፤ ድምፁም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ጣት ከቁልፉ ሲነሣ ደግሞ ሱፍ የለበሰው ማፈኛ ክሩ ላይ ወድቆ ጨርሶ ጸጥ ያሰኘዋል። አዝማሪ የማሲንቆውን ደጋን አንድ ጊዜ ስቦ የሚያገኘውን ትስስር፣ በሙዚቃ ቋንቋ «ሌጋቶ» የሚባለውን፣ ፒያኒስት የሚያገኘው ጆሮን በማታለል ነው።

የቀኙ ፔዳል ማፈኛዎቹን ሁሉ ባንዴ ያነሣል። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በየሆቴሉ የምሰማቸው ብዙዎቹ ተጫዋቾች እግራቸውን አንዴ ከረገጡ ማንሣት ይረሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከጣታቸው ጋር እኩል ይረግጣሉ፤ ለመርገጥ ቀድመው ማንሣት ስላለባቸው ዜማው መሐል ላይ ይበጠሳል። መንገዱ ተቃራኒው ነው፦ ጣት ሲወርድ እግር ይነሣል፤ አዲሱ ድምፅ ከያዘ በኋላ እግር ይመለሳል። የሾፓን ኖክተርኖች ያለዚህ አይታሰቡም፤ ግራ እጅ ከባሱ ወደ ኮርዱ ሲዘል ባሱን የሚይዝለት እግር ብቻ ነውና።

ወደ እኛ ቅኝቶች ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። በትዝታ (ሜጀሩን ማለቴ ነው) በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ ድምፆች የሉም፤ አምስቱም ባንድነት ቢያስተጋቡ እምብዛም አይጣሉም። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን አሏቸው፤ በትዝታ የለመደ እግር እዚያ ሲደርስ ዜማውን ያቦካዋል። ክራር መቺ ይህን ያውቃል፤ ክሮቹን ባንድ ላይ ሲገርፍ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናቸዋል። ፒያኒስቶቻችን ከክራር ቢማሩ ምን ነበረበት?

እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው፣ በ2006ም በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ለዓለም የተሰሙት እኚህ መነኩሲት አጨዋወታቸው «ጭጋጋም ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። አልስማማም። እንደኔ ጆሮ ጭጋጉ ያለው በግራ እጃቸው ነው፤ ቀኝ እጃቸው የሚያፈሳቸው ጥቃቅን ጌጦች አንድ በአንድ ይለያሉ። እነዚያን የሚያያይዛቸው ጣት እንጂ እግር አይደለም። ሐረጉ ሲያልቅም ድምፁ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ይታገሣሉ። አሁን የሚነሡት ወጣቶች ያን ጭጋግ ሲቀዱ ይሰማኛል፤ ጣቶቻቸውን ግን ገና አልሰማሁም።