የማርኮቭ ሰንሰለት በአጭር ጊዜ ትንበያ፤ ጥቅሙና ወሰኑ

በተወዳዳሪ ድርጅቶች መካከል የሚደረገውን የደንበኞች ዝውውር ለመተንበይ የሒሳብ መጻሕፍት ዘወትር የሚያቀርቡት ዘዴ የማርኮቭ ሰንሰለት ነው። መሠረተ ሐሳቡ የነገው ሁኔታ በዛሬው እንጂ በትናንቱ አይወሰንም የሚል ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ዘዴውን የፈተነው ከፑሽኪን ድርሰት በወሰዳቸው 20,000 ፊደላት ነበር። ፊደል ግን ተቀናቃኙን አይቶ ዋጋ አይቀንስም። የዚህ ሒስ መነሻም ይኸው ልዩነት ነው።

በአገራችን ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ተቋም እጅ የቆየው የስልክ አገልግሎት፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ወደ ውድድር ገባ። ለመለማመጃ ያህል፣ ነባሩ ድርጅት በየወሩ ከደንበኞቹ 90 በመቶውን፣ አዲሱም 80 በመቶውን ያቆያሉ፤ የቀሩት ይሻገራሉ እንበል። መቶ ደንበኞች ሁሉ በነባሩ ዘንድ ቢጀምሩ፣ ከአንድ ወር በኋላ 90፣ ከሁለት ወር በኋላ 83 ይሆኑለታል። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ይጠቅማል። ሆኖም መልመጃው ወደ መጨረሻው እርጋታ ይሻገርና ነባሩ ሁለት ሦስተኛውን ይዞ ይጸናል ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ደንበኛ የሸሸው ድርጅት ታሪፉን ያሻሽላልና የሽግግሩ ሠንጠረዥ ራሱ ይለወጣል። ደግሞስ የሁለቱንም ሲም ካርድ የያዘ ሰው በየትኛው ረድፍ ይቆጠራል?

ነገሩ በገበያ ብቻ አይወሰንም። የተማሪዎችን ማለፍ፣ መድገምና ማቋረጥ ለመተንበይ የትምህርት ፕላን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ከዚሁ የተቀዳ ነው። በሰቆጣም ሆነ በጽጽቃ፣ ልጁን ለማግኘት ከትምህርት ቤት ጋር የሚወዳደሩት እረኝነትና ድርቅ ናቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲያናውጥ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሏል። ከዚያ በፊት በተሠራ ሠንጠረዥ የሚያቅድ ባለሙያ በገበታው ለሌለ ልጅ መጽሐፍ ይመድባል፤ ተፈናቅሎ የመጣውን ግን ይዘነጋል። ስሌቱ ትናንትን ስለማያስታውስ፣ ሁለት ጊዜ የደገመውን ልጅ ዘንድሮ ከገባው አይለይም።

በመሆኑም መምህራን ይህን ትምህርት ሲሰጡ፣ ተማሪው አንድና ሁለት እርምጃ ተንብዮ ከእውነተኛው ቆጠራ ጋር እንዲያነጻጽር ቢያደርጉ ይመረጣል። የእርጋታው ስሌት ከዚያ በኋላ ይምጣ። የፕላን ባለሙያም በየዓመቱ፣ በየወረዳው ሠንጠረዡን ያድስ። የረጅም ዘመን ትንበያ የሚያምነው የሽግግሩ መጠን ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ይህም መቆጠር እንጂ መገመት የለበትም።