«ምናባዊ የግል አገልጋይ»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል በሦስት ነገር ይመዘናል፤ የሚሰየመውን ነገር አሠራር በትክክል በማመልከቱ፣ ለተናጋሪው አፍ በመቅለሉ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገርም ፍቹን ይዞ በመዝለቁ። ስለ አማርኛ ስያሜዎች በምንከራከርበት ጊዜ ሦስተኛውን መመዘኛ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን ይህ መመዘኛ ሊዘነጋ አይገባውም። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ፣ ለበርታኛ፣ ለጉሙዝኛና ለሺናሽኛ የሚፈለግ አዲስ ስያሜ በአማርኛ በኩል ማለፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ በአማርኛው ላይ የተፈጸመ ስሕተት በአማርኛ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ለምሳሌ ያህል፣ በአሶሳ የበርታኛ፣ በግልገል በለስ የጉሙዝኛ፣ በቡለን የሺናሽኛ ተርጓሚዎች በአንድ ረቂቅ ላይ በድምፅ ሊወያዩ ፈለጉ እንበል። በሌላ ድርጅት አገልግሎት ከመጠቀም ይልቅ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን ማምብልን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ወስደው ውይይታቸውን ራሳቸው ሊያስተናግዱ ይችላሉ። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በየተናጋሪው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ሁለተኛው የእያንዳንዱን ድምፅ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍል ሲሆን፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ስፍራ እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር በቤት ማቆም ስለሚያስቸግር፣ ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተከፍሎ የሚከራይ ድርሻ ይወሰዳል። «ምናባዊ የግል አገልጋይ» እየተባለ የሚጻፈው ይህ ድርሻ ነው። በእኛ አስተያየት ሦስቱም ቃላት እርማት ያሻቸዋል።

«ምናብ» አእምሮ የሚፈጥረው፣ በእውን የሌለ ነገር ነው። «ቨርቹዋል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሥሩ ኃይልን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል የመጣ ሆኖ፣ በቅርፁ ባይሆንም በሥራው ያንኑ የሆነውን ነገር ያመለክታል። የተከራየው ድርሻ የራሱ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሱ ማከማቻና የራሱ አድራሻ አለው፤ የቆመውም በአንድ በታወቀ አገር፣ በአንድ በታወቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። «ምናባዊ» የተባለ ነገር የት እንዳለ የሚጠይቅ አንባቢ የለም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰርቨር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢያንስ 25 ሚሊሴኮንድ ያስከፍላል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው ጠቅላላ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው። ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በማምብል ድምፁ በመንገድ ላይ ሳለ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ይፈታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የት እንዳለና በማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ለተናጋሪው የምስጢር ጉዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ ይህን ጥያቄ የሚያስረሳ ስያሜ ጥሩ ስያሜ ሊባል አይችልም።

«የግል» የሚለው ቃልም ባለቤትነትን ያሰማል። ሁኔታው ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል እንደ መከራየት ያለ ነው፤ የክፍሉ ቁልፍ በተከራዩ እጅ ቢሆንም የግቢው በር የባለቤቱ ነው። ድርሻው ከሌሎች ተከራዮች የተለየ መሆኑ እውነት ነው፤ የተከራዩ ንብረት ነው ማለት ግን አይደለም።

«አገልጋይ» በመዋቅሩ የሚነቀፍ ቃል አይደለም። ዳሩ ግን በአማርኛ በመጀመሪያ ሰውን፣ ሎሌን ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይን ያመለክታል። «አገልጋዩ ወደቀ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ለማን እንደሚያዝን አያውቅም። አንድ ተርጓሚ ቃሉን በሰውኛ ፍቹ ወስዶ ወደ በርታኛ ወይም ወደ ጉሙዝኛ ቢመልሰው ደግሞ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። የባሪያ ንግድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በዘለቀበት አካባቢ፣ ሎሌን የሚያሰማ ቃል ለመሣሪያ ስም አድርጎ ማቅረብ የቃል ምርጫ ጉድለት ብቻ አይሆንም። በሕዝብ አፍ የገባው «ሰርቨር» የተባለው ውሰት ቃል ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

ስለዚህ «ክፋይ ሰርቨር» የተባለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ ግልጽ ማድረግ ካስፈለገም «የኪራይ ክፋይ ሰርቨር» ማለት ይቻላል። ልጁን «የአካሌ ክፋይ» የሚል ወላጅ ከእውነተኛ አካል የወጣ እውነተኛ ድርሻን እንጂ ምናብን አይናገርም። «ምናባዊ እውነታ» የተለመደ ስለሆነ «ምናባዊ» ለሁሉም ይዋል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እዚያ ላይ ቃሉ ለዓይን የተፈጠረ ዓለምን ስለሚያመለክት ተስማምቶታል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በየስፍራው አንድ ዓይነት የአማርኛ ምላሽ ይኑረው የሚል ሕግ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ስንል በዚህ ዘርፍ የተሳካ ስያሜ የለም ማለታችን አይደለም። «ማስተናገድ» እንግዳን ተቀብሎ፣ ቦታ ሰጥቶ፣ የሚያስፈልገውን ማሟላት ማለት በመሆኑ የሰርቨሩን ሥራ በሚገባ ይገልጻል፤ ለሌላ ቋንቋ ተርጓሚም የሚያሳስት ነገር የለውም። ቃላችንን ተቀብሎ ወደ ራሱ ቋንቋ የሚመልሰው የአሶሳ ወይም የቡለን ተርጓሚ ከእኛ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ነው።