ያልታተመው ጽሑፍ፦ የጣሃ ሑሴን «አል-አያም» እና ጀማሪ ብዕረኞች

በአገራችን ብዕር ለማንሳት የሚሞክር ወጣት ሁሉ ሦስት ዓይነት ሰዎች ያጋጥሙታል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ይስቅበታል፤ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደራሲ የሆንከው?» ይለዋል። ሁለተኛው ያዝንለታል፤ በጽሑፍ ያደረ ሰው እንደሌለ፣ ይልቅ አንድ ሙያ ቢይዝ እንደሚሻለው እያለሳለሰ ይነግረዋል። ሦስተኛው ደግሞ አንዲት ገጽ እንኳ ሳያገላብጥ «ማሻ አላህ፣ በርታ!» ብሎ ደብተሩን ይመልስለታል። ሦስቱ ሰዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር አንድ ናቸው፤ ሦስቱም ጽሑፉን አላነበቡትም።

ውድ አንባቢ! ይህን ጉዳይ በጥሞና ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው የግብፃዊውን የጣሃ ሑሴንን «አል-አያም» (ትርጉሙ «ቀናቱ» ማለት ነው) ያህል የሚጠቅም መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው የአንድ ዓይነ ስውር ሰው የትግል ታሪክ ተብሎ ነው። ንባቡ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ጎዶሎ ነው። ሦስቱን ክፍሎች አያይዞ ላነበበ ሰው «አል-አያም» አንድ ልጅ እንዴት ጸሐፊ ሊሆን እንደቻለ፣ ማን እንዳሰናከለውና ማን እጁን እንደያዘው የሚተርክ መጽሐፍ ነው። የዛሬው አስተያየታችንም በዚሁ በኩል ብቻ የሚመለከተው ይሆናል።

በቅድሚያ ስለ ደራሲው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጣሃ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1889 በላይኛው ግብፅ፣ በመጋጋ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑ ታመመ፤ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ያደረገለት ሕክምናም ብርሃኑን ጨርሶ ወሰደው። ቁርአንን በመንደሩ ቁርአን ቤት ሐፈዘ፤ በ1902 ወደ ካይሮ ተጉዞ አዝሀር ገባ፤ በ1914 ከግብፅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ ከዚያም ፈረንሳይ ሄዶ ተማረ። ከ1950 እስከ 1952 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ነበር። በ1973 አረፈ። በ1926 ያሳተመው የጃሂልያ ግጥምን የሚመለከት መጽሐፍ ከፍተኛ ውዝግብ እንዳስነሳ ይታወቃል። ዑለማኡም ያለ ምክንያት አልተቆጡም፤ መጽሐፉ ቁርአን ስለ ኢብራሂምና ስለ ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) የነገረንን እስከ መጠራጠር ደርሶ ነበር። ጉዳዩ በዐቃቤ ሕግ ተመርምሮ በ1927 ተዘጋ፤ ደራሲውም አከራካሪውን ክፍል አውጥቶ መጽሐፉን በሌላ ርእስ አሳተመው። «አል-አያም» «አል-ሂላል» በተባለው መጽሔት በተከታታይ መውጣት የጀመረው በዚሁ የማዕበል ጊዜ ነው። በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1929 ነው። የአንዱ መጽሐፍ ጥፋት የሌላውን ትምህርት አይሽርምና ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንድ የእራት ማዕድ ተጽፎ እናገኛለን። ልጁ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ሲበላ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል፤ ሰው ሁሉ በአንድ እጅ የሚያነሳውን ጉርሻ እኔ በሁለት እጄ ባነሳው ምን ይሆናል? ይልና ይሞክረዋል። ወንድሞቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። እናቱ ታለቅሳለች። አባቱ ደግሞ ረጋ ባለና ኀዘን በተሞላ ድምፅ፣ ጉርሻ እንደዚያ እንደማይያዝ ይነግሩታል። ልጁ ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው አያውቅም። ከዚያች ዕለት ወዲህ ሾርባ፣ ሩዝና በማንኪያ የሚበላ ምግብ ሁሉ በራሱ ላይ እርም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ልጁ ያደረገው ነገር ሙከራ ነበር። ማንኛውም የጀማሪ ጽሑፍም እንዲሁ ሙከራ ነው፤ «እንዲህ ብጽፈው ምን ይሆናል?» ብሎ ብዕር ማንሳት ነው። ከቤተሰቡ መካከል ሳቅም፣ ዕንባም፣ እርማትም ተገኘ። ከሦስቱ እርማቱ እውነት ነበረው፤ አባትየውም ክፉ አልተናገሩም። ታዲያ ውጤቱ ለምን አንድ ሆነ? ምክንያቱም እርማቱ በማዕዱ ፊት፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ ነው የመጣው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ልጄ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም።

ሁለተኛው መሰናክል የሚመጣው በተቃራኒው በር፣ በምስጋና በኩል ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቁርአንን ጨረሰ ተብሎ «ሸኽ» ተባለ። አባቱም እናቱም አስተማሪውም በዚህ ስም ይጠሩት ጀመር። ልጁ ግን የሐፈዘውን አልደገመውም ነበርና ቀስ በቀስ ረሳው። አንድ ቀን አባቱ በእንግዶች ፊት ሱረቱ ሹዐራእን እንዲቀራ ጠየቁት፤ ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት አላለፈም። ነምልን አሉት፤ እሱም እምቢ አለው። ቀሰስም እንዲሁ ሆነ። ልጁ በላብ ተጠምቆ ከፊታቸው ተነሳ። እንግዲህ ማዕረጉ ከዕውቀቱ ቀድሞ ባይሰጠው ኖሮ ይህ ውርደት ባልደረሰበት ነበር። ዛሬም ሁለት መጣጥፍ የጻፈን ወጣት «ታላቁ ደራሲያችን» እያሉ የሚያሞግሱ ሰዎች የሚያዘጋጁለት ይህንኑ የእንግዳ ፊት ነው።

በካይሮ የሚጠብቀው ሕይወት ደግሞ ሌላ ነው። ከአዝሀር ጋር አገራችን የቆየ ዝምድና አላት፤ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተመደበ «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ እንደነበረ፣ የታሪክ ጸሐፊው የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቤተሰብም ከዚሁ ወገን እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል የሚገልጸው የምሰሶ ሥር ደርስ፣ ደረቅ ዳቦና የደረሳ ብቸኝነት ለአንባቢያችን ባዕድ አይሆንበትም። የመግቢያ ፈተናው ዕለት ፈታኙ ልጁን በስሙ አልጠሩትም፤ «ዕውሩ» ብለው ነው የጠሩት። ሲያሰናብቱትም በዚሁ ቃል አሰናብተው፣ ወዲያው አላህ እንዲከፍትለት ዱዓ አደረጉለት። ቁስሉና ዱዓው በአንድ ትንፋሽ መጡ። ልጁ ዱዓውን ሳይሆን ስሙን ይዞ ወጣ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ወደ ደርሱና ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል፤ እሱ በአንዲት ጥግ ብቻውን ይቀመጣል። ይህን ብቸኝነት ያስወገደለት ዐሊምም ባለሥልጣንም አልነበረም። ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣ የአክስቱ ልጅ ነው። አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያነቡ ጀመር። ለጀማሪ ጸሐፊ የመጀመሪያው ደጋፊ አብሮት የሚያነብ እኩያው ነው የሚለውን ትምህርት መጽሐፉ በግልጽ ባይናገረውም ከታሪኩ እናገኘዋለን።

ቀጥሎ የሚመጡት ሸኽ ሰይድ አል-መርሰፊ ናቸው። በአዝሀር ሥነ ጽሑፍን ያስተምሩ ነበር። ደረሶቻቸው አንድ ቀን ቤታቸው ቢሄዱ በድህነት ውስጥ ተቀምጠው አረጋዊት እናታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያጎርሱ አገኟቸው። ልጁ ከእኚህ ሰው የግጥምን ትርጉም ብቻ አልቀሰመም፤ የተጻፈን ነገር በነፃነት መመዘንንና በችግር ውስጥ ክብርን መጠበቅን ጭምር ተማረ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። በሥነ ጽሑፍ ደርሱ ሳቢያ ጣሃና ሁለት ጓደኞቹ ተከሰሱ፤ ስማቸው ከአዝሀር መዝገብ እንደተሰረዘ ተነገራቸው። ወጣቱ በቁጣ አዝሀርን የሚያብጠለጥል ጽሑፍ ጻፈና «አል-ጀሪዳ» ወደተባለው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ ወደ አሕመድ ሉጥፊ አስ-ሰይድ ይዞ ሄደ። ሰውየው ተቀብለው አነበቡት። አጠገባቸው ለነበሩት ወዳጃቸውም ሰጧቸው፤ ወዳጅየው ከቀድሞው ጥፋት ይልቅ ይህ ጽሑፍ ራሱ እንደሚያስቀጣ በመናገር ተቆጡ። ሉጥፊ አስ-ሰይድ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም፣ አላሞገሱም። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ የምትፈልገው አዝሀርን መስደብ ነው ወይስ ቅጣቱ እንዲነሳላችሁ ነው? ወጣቱ ቅጣቱ እንዲነሳ እንደሚፈልግ ሲመልስ፣ ነገሩን ለእሳቸው እንዲተወው ነግረው አሰናበቱት። ጽሑፉ አልታተመም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን የአዘጋጁ በር ለወጣቱ ክፍት ሆነ፤ ኋላም በዚያው ጋዜጣ ላይ ጻፈ።

የማዕዱ ጥያቄ እዚህ ተጠየቀ ማለት ነው። ሉጥፊ አስ-ሰይድ ጽሑፉን አንብበው፣ ጸሐፊው ምን ፈልጎ እንደጻፈው ጠየቁት፤ ጽሑፉ ወደዚያ እንደማያደርሰው ራሱ እንዲያየው አደረጉ። ጽሑፍ አለመታተሙ ብቻውን ተስፋ ማስቆረጥ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ተስፋ የሚያስቆርጠው ሳይነበቡ መመለስ ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያጎላው በሦስተኛው ክፍል የምናገኛቸው ሌላው ደጋፊ፣ ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ጃዊሽ ናቸው። እሳቸውም ወጣቱን ወደዱት፤ አቀረቡት፤ ጽሑፉንም አሳተሙለት። ነገር ግን የወደዱለት ቁጣውን ነበር። በእሳቸው ማበረታቻ ወጣቱ ስመ ጥሩውን ደራሲ ሙስጠፋ አል-መንፈሉጢን በተከታታይ መጣጥፎች ክፉኛ ዘለፈ። ከዓመታት በኋላ ጣሃ ሑሴን እነዚያ ጽሑፎች በተነሱ ቁጥር እንደሚያፍርባቸው ራሱ ጽፏል። አስተውሉ! ያሳተሙለት ሰው ያፈረበትን ነገር ተዉለት፤ ያላሳተሙለት ሰው ግን መለኪያ ሰጡት።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አንልም። ደራሲው የልጅነት አስተማሪውን ሲስል የሚያሾፍበት መንገድ ምሕረት የጎደለው ነው። የቁርአን ቤቱ አስተማሪ አታላይ፣ ሆዳምና አስቂኝ ሆኖ ይቀርባል። አንባቢው ከዚያ ቤት ምንም በጎ ነገር እንዳልወጣ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የመጽሐፉን ዐረብኛ ጆሮ ሰጥቶ ያደመጠ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። ደራሲው በብዕር አልጻፈም፤ በቃሉ እየተናገረ ነው ያስጻፈው። ዐረፍተ ነገሩ ይመላለሳል፣ ይደጋገማል፣ በልክ ያርፋል። ይህ በመስማትና በመቅራት የሠለጠነ የጆሮ ሥራ ነው። ያን ጆሮ የሠራው ደግሞ ያው የተቀለደበት ቁርአን ቤት ነው። ደራሲው የአቆሰሉትን ሰዎች ዕዳ በሚገባ ቆጥሯል፤ የእነሱን ውለታ ግን በዚያው ልክ አልቆጠረም። በራሱ ላይ የተሳቀበት ሰው በተራው ሲስቅ ማየት ያሳዝናል።

ዓይነ ስውር ሆኖ ዕውቀት ፍለጋ የመጣን ሰው ስናነሳ ሱረቱ ዐበሰን አለማስታወስ አይቻልም። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ለመማር ፈልገው በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር በዳዕዋ ተጠምደው ነበርና ፊታቸውን አዞሩ፤ አላህም ስለዚሁ ወሕይ አወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስተውል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኢብኑ ኡሙ መክቱም መልካም ቃል በመናገር ብቻ አልተወሰኑም። አዛን እንዲያደርጉ አደረጓቸው፤ ከመዲና ሲወጡም በቦታቸው ተክተዋቸው ይሄዱ ነበር። ማክበር ማለት ኃላፊነት መስጠት መሆኑን በተግባር አሳዩን።

እንግዲህ ታላላቆቻችን ሆይ፣ ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ወጣት ከእናንተ ውዳሴን አይፈልግም፤ የሚፈልግ ቢመስለውም አይጠቅመውም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡለት። ምን ለማለት እንደፈለገ ጠይቁት። ስሕተቱን ለብቻው ንገሩት። ከዚያም ሥራ ስጡት፤ የሚተረጎም አንድ ገጽ፣ የሚታረም አንድ ረቂቅ፣ የሚጠየቅ አንድ ሽማግሌ አታጡም። በወሎና በየአካባቢው የነበሩ መሻይኾች ደረሳን ያሳደጉት ኪታብ እያስቀዱ፣ ታናሹን በታላቁ እያስቀሩ ነው። ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ጽሑፋችሁ ሳይታተም ቢመለስ አነበቡት ወይስ አላነበቡትም ብላችሁ ጠይቁ። ካላነበቡት ሌላ በር አንኳኩ። ካነበቡት ግን የነገሯችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። አብሯችሁ የሚያነብ አንድ ጓደኛ ያዙ። ቁጣችሁን ብቻ የሚወድላችሁን ሰው ተጠንቀቁ። ስማችሁ ከሥራችሁ ቀድሞ እንዲጠራም አትቸኩሉ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትና የሚጠቅም ብዕር ይስጠን። አሚን።