ዋልያስ ባንድ፦ ከሂልተን አዳር እስከ ዋሽንግተን መለያየት

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቬነስ ክለብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች የተመሠረተ፣ አሥር ዓመት ገደማ አብሮ ከቆየ በኋላ በአንድ የአሜሪካ ጉዞ ለሁለት የተከፈለ የአዲስ አበባ ባንድ ነው። ስሙ የሰሜን ተራሮቹ ዋልያ ነው፤ መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ‹ስ› ተቀጥሎበታል። በዚያው ዘመን ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ባንድም ይህንኑ እንስሳ በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የወሰደው። ሁለት ተፎካካሪ ባንዶች አንድ እንስሳ መምረጣቸው የከተማዋን የወቅቱ ጣዕም ያሳያል፤ አገር በቀል ሆኖ ዘመናዊ መምሰል።

የባንዱን መነሳት ለመረዳት ከዜማው ይልቅ የመሣሪያው ባለቤት ማን እንደነበር መጠየቅ ይበጃል። ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሙዚቃ የተቋም ሥራ ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፤ ጡሩምባውም፣ ነፊውም የመሥሪያ ቤቱ ነበሩ። የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም ደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ በ14 ዓመቱ የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል የተቀላቀለ፣ አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ቀጥሎ የመጡት ክለቦች ሙዚቀኛውን ከዩኒፎርም አላቀቁት እንጂ ከጥገኝነት አላወጡትም። ኦርጋኑንና ድራሙን የገዛው ባለ ክለቡ ስለነበር ሥራ የለቀቀ ተጫዋች ባዶ እጁን ይወጣል። የዋልያስ አባላት የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ነገሩ የዕቃ ግዢ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ባንዱ ከቤት ወደ ቤት የማይሸጥ፣ በስሙ የሚዋዋል ድርጅት መሆኑ ነው።

ውሉ ከሂልተን ጋር ሆነ። በ1969 የተከፈተው ይህ ሆቴል ለዋልያስ አሥር ዓመት ያህል መኖሪያ ሆነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ደርግ ያወጀው ሰዓት እላፊ ብዙ የምሽት ቤቶችን ሲያደርቅ የሂልተንን ምሽት ግን አስረዘመው። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ያልወጣ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ይቆያልና ባንዱም አብሮት ያነጋል። ውጭ ቀይ ሽብር ነው፤ ውስጥ ሳክስፎን። ባንዱ ረጃጅም፣ ዘፋኝ የሌላቸው፣ እየተደጋገሙ የሚጠነክሩ ሙዚቃዎችን የመጫወት ልማዱን ያዳበረው ሌሊቱን መሙላት ስለነበረበት ጭምር ነው ማለት ያስኬዳል።

የዚህ ልማድ ምርጡ ፍሬ በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የወጣው ‹ቼ በለው› የተሰኘ ሸክላ ነው። ‹ቼ› ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያፈጥንበት ድምፅ ነው፤ አርእስቱም ትእዛዝ ነው። ዘፈን ማለት ዘፋኝ በሆነበት አገር ሙሉ ሸክላ በመሣሪያ ብቻ መሙላት ደፋር ውሳኔ ነበር፤ የአማርኛ አድማጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ግጥሙን ነውና። በሥራው ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎኑ ተሳትፏል። የአቀራረቡ ቁልፍ ግን የኃይሉ ኦርጋን ነው። ዘፋኙ ይዞት የነበረውን ዜማ ኦርጋኑ ይረከባል፤ ድምፃዊ እንደሚያደርገው እየሳበና እያንቀጠቀጠ፣ ስንኝ ይጨርስ ይመስል እየተነፈሰ ይጫወተዋል። ግርማ በየነ የደረሰው ‹ሙዚቃዊ ስልት› ደግሞ ሌላ መንገድ ይይዛል። እዚህ ዜማው አጭር ነው፤ ቤዙና ድራሙ አንድ ክብ ይዘው ይሽከረከራሉ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በኅብረት ይገቡና ይወጣሉ። የአሜሪካው ፈንክ ተጽዕኖ ግልጽ ነው፤ ቅጂ ግን አይደለም፤ ቅኝቱ የአገር ቤት ነው። ከዓመታት በኋላ ኒውዮርክና ቦስተን ያሉ ባንዶች መልሰው የተጫወቱት ይህንኑ ሙዚቃ ነው።

በ1981 ባንዱ ከማህሙድ አህመድ፣ ከጌታቸው ካሳና ከውብሸት ፍስሐ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ወደዚያ አገር የተጓዘ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እንደሆነ ይነገራል። አድማጩ በብዛት ስደተኛ ነበር፤ መድረክ ላይ ያሉት ነገ ምን እንደሚሆኑ ከፊታቸው ተቀምጦ ያዩት ያህል ነው። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ።

ይህን መለያየት ‹ደርግ ዋልያስን በተነው› ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላ አገር ያሉ የፖፕ ባንዶች በገንዘብ፣ በዝናና በኩርፊያ ይፈርሳሉ፤ ዋልያስን የለየው ጠብ አልነበረም፣ እያንዳንዱ ለየራሱ የመለሰው ‹ልመለስ ወይስ ልቅር› የሚል ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ባንድ እንደ ባንድ መልስ የለውም። የአይቤክስ ዕጣ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። እሱም ተቀይሯል፤ ነገር ግን ዋነኞቹ አባላቱ አዲስ አበባ እያሉ ሮሃ ባንድን ፈጠሩና በ1980ዎቹ የካሴት ዘመን ዋና አጃቢ ሆኑ። አገዛዙ ያው፣ ሰዓት እላፊው ያው ነበር። ልዩነቱ ዋልያስ የአቀናባሪውን የግርማንና የኦርጋን ተጫዋቹን የኃይሉን እጅ በአንድ ጊዜ ማጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙና ድምፁ ተለያዩ። ስሙን ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላና ድራም መቺው ተማረ ሐረጉ አዲስ አበባ ላይ ለሌላ አሥር ዓመት ያህል አቆዩት። ድምፁ ዋሽንግተን ቀረ፤ ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ ዙላ ባንድ ብለው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ተጫወቱ። ኃይሉ በ1985 በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ፤ በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ በየነ ሙዚቃውን ለረጅም ዘመን ተወው፤ ወደ አገሩ ተመልሶ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ያወጣው በ2017 ነው።

ያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ከታክሲው ወደ መድረክ ተመለሰ። ለታሪኩ ደስ ቢልም የዳግም ኅትመት ገበያ የሚወደው አንድ ጀግና ነው። ‹ቼ በለው› በ2014 እንደገና ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ‹ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ› የሚል ነው። የራሱን መሣሪያ ገዝቶ በስሙ የተዋዋለው ባንድ በሁለተኛ ሕይወቱ ከ‹ና› በኋላ የሚመጣ አጃቢ ሆነ።