ባለ ሦስት ራስ

ሰላም ለአንተ፣ ስምህ ጠፍቶ ሸክምህ ያልጠፋ! ሰላም ለአንተ፣ በሮም ከተማ፣ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በነበረው በሞንቴማርቲኒ ቤተ መዘክር የእብነ በረድ ሐውልት ሆነህ፣ ቶጋህን፣ የሮማውያንን ሰፊ ኩታ፣ ደርበህ የቆምህ፣ አንዱን ራስ በክንድህ ታቅፈህ ሌላውን በዘንባባ ግንድ ላይ ያስደገፍህ! በኋላ ዘመን በባርቤሪኒ መሳፍንት ስም ተጠራህ፤ የራስህን ስም ግን ያቆየልህ የለም።

መልክእ ደራሲ ከራስ ጠጉር ይጀምራል። እኔ ግን አባትህና አያትህ ናቸው ከሚባሉት ከሁለቱ ሽማግሎች ሽብሽባት ልጀምር፤ የሮማ ጠራቢ የተጠበበው በዚያ ነውና። ግሪኩ የጎልማሳ ገላ ሲያሞግስ፣ የሪፐብሊኩ ሮማዊ ጎድጓዳ ጉንጩን፣ ራሰ በራነቱን፣ የረገበ አንገቱን እንደ ሹመት ልብስ ለበሰው። ምስጋና ይድረስህ፣ ስም የለሽ ጠራቢ፣ መሮህ ግንባርን እንደ እርሻ ለተለመው፣ ድንጋዩን ቆዳ ላስመሰልኸው! (አውግስጦስ ቄሣር 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሞተ፤ በእብነ በረድ ላይ ግን አንድም ቀን አላረጀም። እኔ ሽማግሎቹን እመርጣለሁ።)

ከእብነ በረዱም በፊት ሰም ነበረ፤ ቅኔ አዋቂው አንባቢ ፈገግ ይበል። የሹማምንት ቤት አዳራሽ የአባቶችን የሰም መልክ በሣጥን ይጠብቅ ነበር። ከዘር አንዱ ያረፈ ዕለት፣ የታሪክ ጸሐፊው ፖሊብዮስ እንደ ጻፈው፣ በቁመትና በቁመና አባቶቹን የሚመስሉ ሰዎች ያንን መልክ አጥልቀው፣ ለየማዕረጉ የሚገባውን ቶጋ ለብሰው፣ አደባባይ ላይ በዝሆን ጥርስ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ሙታን ለሟች ለቅሶ ይደርሱ ነበር! ሰሙ ሁሉ አለቀ፤ ድንጋዩ ቀረ።

አሁን ወደ ፊትህ ልምጣ፣ ባለ ቶጋ። ያ ራስ የራስህ አይደለም። እርሱም የጥንት ነው፣ እርሱም ሮማዊ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሐውልት ራስ ነበረ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ጠጋኞች ባንገትህ ገጠሙት። የአባቶችህን ራስ ሁለት ሺህ ዓመት ሳትጥል ይዘህ የገዛህን ጣልህ፤ የባዕድ ዓይን ተውሰህ የዘርህን መልክ ትጠብቃለህ። ስለዚህ መልክእህን በፊትህ አልጨርስም።

ሰላም ለእጆችህ።