የዝምተኞች ድምፅ፤ ስለ እንግሊዝ «ነፃ ሲኒማ» አጫጭር ፊልሞች የቀረበ ሒስ

የአንድን ሕዝብ ኑሮና ልማድ ለሚያጠና ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከጽሑፍና ከቃል ታሪክ ቀጥሎ ጠቃሚ ማስረጃ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ የሚያየው የያዘው ሰው የመረጠለትን ብቻ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር የሚሰማውም ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሚታዩት ሰዎች የሚናገር የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ ስለ ችግረኞች የተሠራ ፊልም ሲመረመር «ምን አሳየ?» ከማለት ጋር «ማን ተናገረ? በማንስ ጆሮ ተሰማ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1959 ድረስ በእንግሊዝ አገር ጥቂት ወጣቶች በአነስተኛ ገንዘብ የሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች ለዚህ ጥያቄ መልካም መፈተኛ ይሆናሉ።

በእንግሊዝ አገር የዘጋቢ ፊልም ሥራ ሥር የሰደደው ጆን ግሪርሰን በ1929 ስለ ዓሣ አጥማጆች ባቀረበው «ድሪፍተርስ» በተባለው ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ፊልሞች ወጪያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በኩባንያዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ሠራተኛው በሥዕል ይታያል፣ የተማረ ሰው ድምፅ ደግሞ ስለ እርሱ ያስረዳል። በ1935 የወጣው «ሃውዚንግ ፕሮብሌምስ» በለንደን የተጎሳቆሉ ቤቶች ነዋሪዎች ራሳቸው በካሜራ ፊት ቆመው ስለ አይጡና ስለ ተባዩ እንዲናገሩ በማድረጉ ከሌሎቹ ይለያል። የዚህም ፊልም ወጪ ከፋይ የጋዝ ንግድ ማኅበር ስለ ነበረ የምስክርነቱ መጨረሻ አዲሶቹን ቤቶች ወደ ማመስገን አዘነበለ።

በፌብሩዋሪ 1956 ሊንድሴ አንደርሰን፣ ካሬል ራይዝ፣ ቶኒ ሪቻርድሰንና ሎሬንዛ ማዜቲ ሦስት ፊልሞቻቸውን በለንደን በብሔራዊው የፊልም ቴያትር አቅርበው ትርኢቱን «ፍሪ ሲኒማ»፣ ማለት ነፃ ሲኒማ አሉት። ባወጡት መግለጫ ነፃነትን፣ የሰውን ክብርና የዕለት ተዕለት ኑሮን ዋጋ እንደሚያምኑበት አስታወቁ። በዚሁ ስም እስከ 1959 ድረስ ስድስት ትርኢቶች ታይተዋል። ብዙዎቹን ፊልሞች ያነሡበት የ16 ሚሊሜትር ካሜራ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝና በአንድ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ድምፅንም ከሥዕል ጋር አብሮ መቅዳት አይችልም። ስለሆነም ድምፁ ለብቻው ተቀድቶ በኋላ የሚጨመር በመሆኑ፣ በማን ፊት ላይ የማን ድምፅ እንደሚውል የሚወስነው አዘጋጁ ነበር። የእነዚህ ፊልሞች ፍትሕም ሆነ በደል የሚገኘው ከዚሁ ላይ ነው።

አንደርሰን በ1953 አንሥቶት በዚህ ትርኢት የታየው «ኦ ድሪምላንድ» በማርጌት የባሕር ዳርቻ ያለውን የመዝናኛ ስፍራ በ12 ደቂቃ ያሳያል። ተራኪ የለውም፤ በእርሱ ፋንታ በመኪና የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ያለማቋረጥ ይስቃል። ለዕረፍት የመጡት ሠራተኞች የሞት ቅጣት የሚያሳዩ ምስሎችንና በጠባብ ጎጆ የታሰሩ እንስሳትን እያዩ ያልፋሉ። አዘጋጁ የተቆጣው ድኻውን በርካሽ ደስታ በሚያታልለው ንግድ ላይ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ነገር ግን የአሻንጉሊቱ ሣቅ የሚወድቀው በተመልካቾቹ ፊት ላይ ነው፤ ከእነርሱ አንድም ሰው ለምን እንደ መጣና ምን እንደ ተሰማው አልተናገረም። ተራኪው መወገዱ ብቻውን ለሕዝቡ ድምፅ አላስገኘለትም።

ያው አንደርሰን ከጋይ ብሬንተን ጋር በ1954 የሠራው «ተርስዴይስ ቺልድረን» በዚያችው ከተማ ባለው የመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የተነሣ ሲሆን የአሜሪካን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ልጆቹ ድምፅን በእጃቸው በመዳሰስ ቃል ለማውጣት ሲጣጣሩ የሚታይበት ክፍል ልብን ይነካል። ሆኖም የሚያስረዳልን የተዋናዩ የሪቻርድ በርተን ድምፅ ነው፤ የድሉም መለኪያ ልጁ በአፉ መናገሩ ነው። የ1880ው የሚላኖ ጉባኤ በአፍ የማስተማርን ዘዴ ካጸደቀ ወዲህ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የእጅ ምልክት ቋንቋ ተገፍቶ ነበር፤ ይኸው ቋንቋ በእንግሊዝ በሕግ የታወቀው በ2022 ነው። ስለዚህ የዛሬ ተመልካች በዚያ ፊልም ውስጥ የመምህራኑን ትዕግሥት ሲያደንቅ፣ የሰሚውን ሰው ልማድ ብቸኛ የሰውነት መንገድ አድርጎ የያዘውን የዘመኑን አስተሳሰብም ማስተዋል ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ የሆነው የማዜቲ «ቱጌዘር» ነው። ማዜቲ ኢጣሊያዊት ስትሆን በ1944 የጀርመን ወታደሮች ያሳደገቻትን አክስቷንና የአክስቷን ሁለት ሴት ልጆች ገድለውባት፣ ከጦርነቱ በኋላ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ወደ ለንደን የመጣች ናት። ፊልሟ መስማትና መናገር የማይችሉ ሁለት የወደብ ወዛደሮች በምሥራቅ ለንደን፣ በቦምብ በፈራረሰው ሠፈር የሚኖሩትን ኑሮ ይከተላል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ በእጃቸው ይነጋገራሉ፤ የሠፈሩ ልጆች ግን እየተከተሉ ያፌዙባቸዋል። የከተማው ጩኸት ሲሰማ ይቆይና ድንገት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ የሚስቁትን አፎች ከሁለቱ ሰዎች ጋር በዝምታ ያያል። በመጨረሻም ልጆቹ አንደኛውን ወደ ወንዙ ይጥሉታል፤ ተጣርቶ አይሰማም፣ ቢጣራም ባልንጀራው ሊሰማው አይችልም።

እዚህ ላይ ዝምታው የማዘኛ ጌጥ ከመሆን አልፎ የማወቂያ መንገድ ሆኗል። ያልታሰበበት ጨዋታ ለተገፋው ሰው ሞት እንደሚሆን አንድም የትምህርት ቃል ሳይነገር ይታያል። ነቀፋ የማይቀርለት ነገርም አለ፤ ወዛደሮቹን ሆነው የተጫወቱት ኤድዋርዶ ፓዎሎዚና ማይክል አንድሩስ የሚሰሙ የሥነ ጥበብ ሰዎች ነበሩ። መስማት የተሳነው ሰው የራሱን ታሪክ ራሱ አላሳየም። ቢሆንም ማዜቲ ስለ እርሱ ከመናገር ይልቅ ለጊዜው በእርሱ ቦታ ቆማ ለማየት ሞክራለች።

በ1959 የወጣው የራይዝ «ዊ አር ዘ ላምቤዝ ቦይስ» ከፎርድ ኩባንያ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ ነው። በደቡብ ለንደን ወጣቶች ክበብ ልጆቹ ስለ ሞት ቅጣት ሲከራከሩ በራሳቸው አነጋገር ይሰማሉ፤ በሀብታሞች ትምህርት ቤት ክሪኬት ተጫውተው በጭነት መኪና ሲመለሱ ከተማውን እየዘፈኑ ያቋርጣሉ። በዚያ ጉዞ የታየው የመደብ ልዩነት በብዙ ገጽ ጽሑፍ ከሚገለጸው ያይላል። ተራኪው ግን ደጋግሞ እየገባ ሊገለጥ የጀመረውን ያቃልለዋል፤ የልጆቹም የሥራ ምሬት በቅጡ ሳይመረመር ታልፏል።

ከ1960 ገደማ ጀምሮ ድምፅንና ሥዕልን አብሮ የሚቀዳ ቀላል መሣሪያ ተገኝቷል፤ ጥያቄው ግን በመሣሪያ ብቻ አልተፈታም። በ1986 ብላክ ኦዲዮ ፊልም ኮሌክቲቭ የተባለው ማኅበር፣ በጆን አኮምፍራ አዘጋጅነት፣ በ1985 በበርሚንግሃምና በለንደን ስለ ተነሣው ሁከት «ሃንድስወርዝ ሶንግስ»ን ሲያወጣ፣ በሌሎች ካሜራ የተነሡትን አሮጌ ሥዕሎች ከስደተኞች ቤተሰብ በወጡ ልጆች አፍ እንደ ገና እንዲነገሩ አድርጓል። በተገፉት ሰዎች ላይ ይውል የነበረው ድምፅ በዚህ ፊልም ከእነርሱ ወገን ወጣ።

የ«ነፃ ሲኒማ» ሥራዎች ዛሬም የሚጠኑት ስላስመዘገቡት ልማድና አለባበስ ብቻ አይደለም። የሰውን ችግር የሚመዘግብ ሁሉ፣ በካሜራም ይሁን በብዕር፣ በተጠኚው አፍ ላይ የራሱን ድምፅ የማኖር ሥልጣን እንዳለው ያሳያሉ። «ኦ ድሪምላንድ» በዚህ ሥልጣን ፈረደ፤ «ተርስዴይስ ቺልድረን» በእርሱ አስተማረ፤ «ቱጌዘር» ግን ሥልጣኑን ለጥቂት ደቂቃ ትቶ ዝም አለ። ከሦስቱ ለተመራማሪ አርአያ ሊሆን የሚገባው ሦስተኛው ነው።